እንቁላል የተፈረደባቸው ሃምሳ አለቃ

እኛ ዘንድ ቁርስ የግል ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ይገባበታል፣ ሚስት ትገባበታለች፣ ጎረቤት አስተያየት ይሰጥበታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጾም አለ። እናንተ ዳቦና እንቁላል ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታዩ ቁርስ ቀረበ ትሉ ይሆናል። ስኳር በሽታ ላለበት ምእመን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

በነገሌ ቦረና ጎረቤቴ የሆኑት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከጦሩ በጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዛቸው አጥተው ሲቁነጠነጡ ኖረው፣ ስኳር ሲገኝባቸው አዲስ አዛዥ አገኙ፤ የጤና ጣቢያዋን ነርስ። እግራቸው ጣት ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበር። ነርሷም «ስኳሩ ካልወረደ እግርዎ ያሰጋል» ብላ የቁርሱን ሥርዓት አስረዳቻቸው፦ መጀመሪያ ቅቅል እንቁላል፣ ከዚያ ፉሩሽካው ያልወጣለት የስንዴ ዳቦ አንድ ቁራጭ ጠበስ ተደርጎ፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ በመጨረሻም ወዲያ ወዲህ ማለት። ዳቦ ብቻውን ባዶ ሆድ ከገባ ስኳሩን ሽቅብ ይሰደዋል፤ እንቁላሉ ከቀደመ ግን ረጋ ይላል። ሃምሳ አለቃ ትእዛዙን ወደዱት። በደጃቸው ሲያልፍ «አካም» ብሎ ሰላምታ ለሰጣቸው ሁሉ «እንቁላል ግንባር፣ ዳቦ ደጀን!» እያሉ አስተማሩ። ስኳሩ ወረደ፤ ቁስሉም ዳር ዳሩን መድረቅ ጀመረ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

ግንባሩ ፈረሰ፤ ደጀኑ ብቻውን ቀረ። ሃምሳ አለቃ ከቅዳሴ ሲመለሱ ባዶ ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዱሬቲ ባቄላ ብትቀቅል «ይነፋኛል» አሉ። ለንስሐ አባታቸው እንዲነግሩ ብመክራቸው ተቆጡ።

«ከነገርኳቸውማ ብላ ይሉኛል!»

ቁስሉ እንደገና ረጠበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ወይዘሮ ዱሬቲ ግን መፍራት ሰለቻት።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! እግሩ ከተቆረጠ ቤተ ክርስቲያን በምን ሊሄድ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ራሷ ሄዳ የንስሐ አባታቸውን ይዛቸው መጣች።

አባ እግሩን አዩ። ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ «አባ፣ እኔ ወታደር ነኝ። ሰበብ ፈልጌ ጾም አልፈታም» አሉ።

አባ ሰውያቸውን ያውቃሉ። ስለ ፈቃድ ትንፍሽ አላሉም። «ሕመምህን ከእኔ ደብቀሃል ልጄ፤ ይህ ኃጢአት ነው። ቀኖናህ እስከ ፋሲካ በየማለዳው እንቁላል መብላት ነው። እንቁላሉ ይቅደም፣ ዳቦው ይከተል።»

ቀኖና ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ይከበራል። ሃምሳ አለቃ ያን ሁሉ ጊዜ እንቁላላቸውን ድንጋይ እንደተሸከመ ሰው ፊታቸውን አጨማደው በሉ። ቁስሉም ደረቀ።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ እንኳን አደረሳችሁ ልል ገባሁ። ወይዘሮ ዱሬቲ እንቁላሉን ከድፎ ዳቦው አስቀድማ አቀረበች። ሃምሳ አለቃ ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉና «ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ» ብለው ከድፎው ትልቁን ቆረሱ።

ወይዘሮ ዱሬቲ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ምስኪን አባ፤ ገና ሲፈስኩ ነው የምትደርስባቸው።