የኮሪያን ቤት ከእሳት ያዳንኩበት ቀን

በሰው አገር እንግዳ ሆኖ መጥቀም ትልቅ ጣጣ ነው። እጁን አጣምሮ የተቀመጠ እንግዳ ቢበዛ ሰነፍ ይባላል፤ ልርዳ ብሎ የተነሳ ግን ምን እንደሚባል እኔን ጠይቁኝ። ከነቀምት ሴቶች መካከል ኮሪያን በእግሯ የረገጠች ከእኔ በቀር ማን አለች? አለሁ የምትል ካለች ትምጣ።

ጃንሆይ ወታደር ወደ ኮሪያ በሰደዱ ጊዜ ነው። የወንድሜ ልጅ ጫልቱ ያገባችው ሻምበል እዚያ ተመድቦ ሳለ፣ እሷም አብራው ሄዳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አራስ ያለ አክስት ምን ትሆናለች? ቅቤዬን በቆርቆሮ አሽጌ፣ የአጥሚት እህሌን ቋጥሬ፣ ከጎረቤት ከተማችን ከሲሬ ወዲያ ያለውን አገር በወሬ ብቻ የማውቅ ሴትዮ በአየር በረርኩ።

ጥር ነበር። እኛ ዘንድ ሰርግ በሰርግ የሚሆንበት ወር እዚያ ውሃ ድንጋይ ይሆናል። የተከራዩት ቤት ነፋስ ያፏጭበታል፤ ሕፃኑን ሳሉ አልለቅ አለው። ሐኪሙ ሞቃት ቤት ካልተገኘለት ይህን ብርድ አይወጣውም ብሎ ቁርጡን ነገረን። አስተርጓሚያችን፣ አማርኛውን ከወታደሮች ስለለመደ ሰላምታው እንኳን ስድብ የሚመስል ሰው፣ ከከተማው ወጣ ብላ አክስቴ አለች አለን። ሞቃት ክፍል አላት፤ የምታከራየው ግን አይታ ለወደደችው ብቻ ነው።

በጠዋት ሁላችንም፣ ከነሕፃኑና ከነአስተርጓሚው፣ በጂፕ ተነሳን። ሻምበሉ እንደ ጫልቱ አዳዳ ነው የሚለኝ፣ አክስቴ ለማለት፤ መንገዱን ሙሉ ሲመክረኝ ሄደ። አዳዳ፣ ጫማ ይወለቃል። አዳዳ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። አዳዳ፣ ጮክ ተብሎ አይወራም። አዳዳ፣ በፈጠረዎት፣ ምንም አይንኩ! እኔ መቼ ነክቼ አውቃለሁ? አልኩት።

ደረስን። ቤቱ እንደኛው የሣር ክዳን! ያን ሁሉ አገር በርሬ የመጣሁት እዚያው ወለጋ፣ አርጆ ነው እንዴ? የአስተርጓሚው አክስት፣ አሮጊቷ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ። እጅ መንሳትማ ለእኔ ምን ይቸግራል? ግንባሬን ወለል አስነካሁት፤ ሴትዮዋ ደስ አላቸው። መሬት ላይ ተቀመጥን፣ ምሳ ቀረበ። ትንሽ እንደቆየሁ ከበታቼ ሞቀኝ። ቀጥሎም አተኮሰኝ። ይኼ ደግሞ ምን በሽታ ነው ብዬ ዋጥ አደረግሁት፤ በሰው ቤት ስለ መቀመጫ አይወራም።

ለጉዳዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ምን ልይ? ከግድግዳው ሥር ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ እሳት ይንቀለቀላል፤ ነበልባሉም ጫልቱና ሕፃኑ ወደተቀመጡበት ክፍል ሥር ይሳባል። ከላይ ሣር! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ወለጋ ውስጥ የሣር ቤት ሲነድ ውሃው የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሲሬ ላይ ለሰርግ የተጠመቀ ጠላ በሙሉ እሳት ላይ ሲደፋ አይቻለሁ፤ የሚቀዳው ሙሽራው ራሱ ነበር።

ስደነግጥ የሚቀድመኝ የእናቴ ቋንቋ ነው። ኢቢዳ! ኢቢዳ! እያልኩ እሳት መነሳቱን ለኮሪያ ተራሮች በኦሮምኛ አወጅኩ። እዚያ ከቆመው በርሜል ልቅዳ ብል ውሃው በረዶ ሆኗል። አጠገቡ እስከ አንገቱ የተቀበረ ጋን አለ፤ ክዳኑን ብከፍተው ውሃው አልረጋም፣ መቅጃ ቅሉም እዚያው ነው። ከዚህ በላይ የፈጣሪ ምልክት አለ? ከነፍጅሉ፣ ከነቃሪያው እየቀዳሁ ደፋሁበት። እሳቱ ጭስስስ ብሎ ጠፋ።

ሁሉም በባዶ እግራቸው በረዶው ላይ ወጡ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ምስጋና እጠብቃለሁ። አስተርጓሚው ጋኑን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ በወታደር አማርኛው የሆነ ነገር አለኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። ለካ እሳቱ ሆን ተብሎ የሚነድ ኖሯል! ሙቀቱ በወለሉ ሥር እየሄደ ቤቱን ያሞቃል፤ እኛም የመጣነው ለዚሁ ወለል ነው። ውሃውስ? ብርዱ እስኪያልፍ የሚበሉት ፍጅል የተዘፈዘፈበት ነው።

ጫልቱ ልጇን አቅፋ፣ አዳዳ ምነው ጉድ ሠራሽኝ፣ አሁን ልጄን የት ላስገባው ብላ ታለቅሳለች። ሻምበሉ በአሮጊቷ ፊት ጎንበስ ቀና ይላል። አሮጊቷ ቅሉን ከእጄ ወሰዱ። ሕፃኑን አዩ፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩ፤ ከዚያ ለአስተርጓሚው ረጋ ብለው ተናገሩ። እሱም፣ የሚያስል ሕፃን ብርድ ላይ አልመልስም፣ ክፍሉን እሰጣለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልወቅ፤ ይቺ ሴትዮም እዚሁ ናት የምትኖረው? ብለዋል አለን።

የሻምበሉ አፍ እንዴት ፈጠነ! የለም የለም፣ እሳቸው በሚመጣው ሳምንት አገራቸው ይገባሉ አለ። እኔ እስከ ፋሲካ የምቆይ መስሎኝ ነበር። አሮጊቷ ወዲያው ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው በሁለት እጃቸው አስረከቡት።

ነቀምት ስገባ ጎረቤቶቼ ምነው ፈጠንሽ አሉኝ። የሄድኩት ሞቃት ቤት ላስገኝላቸው፤ አስገኘሁላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ምን እሠራለሁ? አልኳቸው።