ማሊያ ሰው አያስቆምርም

ኮች፦ ልበሰው አልኩህ እኮ። ጨርቅ ነው፤ አይነክስህም።

ግንቡ፦ አልለብስም አልወጣኝም። ደረቱ ላይ ያለውን ስም ልጣችሁ ስጡኝ ነው ያልኩት።

[መልበሻ ክፍሉ ድሮ የኖራ ማስቀመጫ ነበር፤ ዛሬም ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ጀርባው ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ቀርቶታል። ሌሎቹ ተጫዋቾች ውጭ ያሟሙቃሉ። በረኛው አዲሱን ማሊያ ጭኑ ላይ ዘርግቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ግንቡ የተባለው ኳስ ስለማያስገባ አይደለም፤ የነገሩት ነገር ቶሎ ስለማይገባው ነው። ኮች ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህንኑ ነው።]

ኮች፦ ስሙ ከተላጠ ማን ማሊያ ይሰጥሃል? ለመሆኑ ስፖንሰር ማለት ገብቶሃል?

ግንቡ፦ ገብቶኛል። ማሊያ የሚሰጥ ሰው ነው።

ኮች፦ ጎሽ።

ግንቡ፦ እነዚህ ውርርድ ቤት ያላቸው ናቸው አይደል? ታዲያ ዛሬ ለኛ ነው ያስያዙት ወይስ ለተጋጣሚ?

ኮች፦ እነሱ አይወራረዱም። የሚወራረደው ሰው ነው፤ እነሱ ያወራርዳሉ።

ግንቡ፦ ራሳቸው አይሞክሩትም?

ኮች፦ በጭራሽ።

ግንቡ፦ አሃ። እንግዲያው የሚያውቁት ነገር አለ።

ኮች፦ አታወሳስበው። ስፖርት ስለሚወዱ ነው የሚረዱን።

ግንቡ፦ ከወደዱን የቡድናችንን ስም ምነው ብብት ስር ደበቁት?

[ኮች ማሊያውን ገልበጥ አድርጎ አየው። እውነትም የውርርድ ቤቱ ስም ከትከሻ እስከ ትከሻ ተንሰራፍቷል፤ የቡድኑ ስም ግን ብብት ስር፣ «በሙቅ ውሃ አይታጠብ» ከሚለው አጠገብ ተሸጉጧል። ይህን ቀደም ብሎ አላየውም ነበር። ግን ኮች አላየሁም የሚል ሰው አይደለም።]

ኮች፦ እጅህን ስታነሳ ይታያል። በረኛ ሥራው እጅ ማንሳት ነው።

ግንቡ፦ እኔ እጄን የማነሳው ጎል ከገባብኝ በኋላ ነው። ከጨዋታ ውጭ ነው ብዬ።

ኮች፦ እንግዲያው ብዙ ጊዜ ይታያል።

ግንቡ፦ አሮጌዎቹ ማሊያዎች ምን ሆኑ?

ኮች፦ ያንን ዝናብ ረሳኸው? ቀዩ ቀለም እየለቀቀ ሁላችንም እንደ ተጋጣሚያችን ነጭ ለመምሰል ምንም አልቀረን። ተከላካያችን ኳሱን አሳምሮ ለነሱ አጥቂ አቀበለው።

ግንቡ፦ አጥቂውም አመስግኖታል።

ኮች፦ በዚህ አታሹፍ። ሳሙና ፋብሪካ ሄድኩ፣ ዳቦ ቤት ሄድኩ፣ ጎማ ጠጋኙን ሳይቀር ለመንኩ። ስታሸንፉ ተመለሱ አሉኝ። በር የከፈቱልኝ እነዚህ ብቻ ናቸው።

ግንቡ፦ ለኔም በራቸው ተዘግቶ አያውቅም። የተዘጋብኝ የራሴ ቤት በር ነው።

[ኮች ታሪኩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የግንቡ ቴሌቪዥን የሄደው በዚሁ ውርርድ ቤት ነው፤ ቁም ሣጥኑም ተከትሎት ሄዷል። ሚስቱ አስወጥታው ሳለ ያደረው እዚሁ አግዳሚ ላይ ነበር፤ ቁልፉን የሰጠው ራሱ ኮች ነው። በስንት ልመናና በስንት ሽማግሌ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ አለችው፦ ያንን ስም አንተ ጋ ዳግመኛ ካየሁት፣ ጓዝህን በር ላይ ታገኘዋለህ። ዛሬ ከታረቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ልታይ መጥታ ሜዳው ዳር ተቀምጣለች።]

ኮች፦ እኔ ራሴ አስረዳታለሁ። ማሊያ ሰው አያስቆምርም እላታለሁ። ቁማር ሆድ ውስጥ ነው፤ የሌለበት ሰው ስሙን ግንባሩ ላይ ቢነቀስ ምንም አይሆንም። አምጣው እስቲ፤ ካላመንከኝ እኔው ልልበሰው።

[ማሊያውን ነጥቆ በቱታው ላይ ያጠልቀው ጀመር። ጭንቅላቱ መጀመሪያ በእጅጌው በኩል ሊወጣ ሞከረ፤ ግንቡ ወደ አንገቱ መራው። ሆዱ ላይ ሲደርስ የውርርድ ቤቱ ስም ተወጥሮ በጣም ጎልቶ ተነበበ።]

ኮች፦ ይኸው። ምን ሆንኩ?

ግንቡ፦ ጠበበዎት።

ኮች፦ ከመጥበቡ ሌላ።

ግንቡ፦ እስካሁን ምንም።

ኮች፦ አየህ? ሚስትህም ብትሆን ከዚያ ርቀት ስሙን አታነበውም። አታነበውም ብዬ በዚች ፊሽካዬ እወራረዳለሁ።

[ግንቡ ጓንቱን አጥልቆ አንድ ጣቱን አጠፈ። ኮች ጓንቱን እየለካ መሰለው።]

ግንቡ፦ ታነበዋለች። ውርርድ ቤት ተደብቄ ሳለሁ ከአውቶብስ መስኮት ያየችኝ ሴት ናት።

ኮች፦ ታንብበው እሺ። ስናሸንፍ ደስታው ሁሉን ያስረሳታል።

ግንቡ፦ ካላሸነፍንስ?

ኮች፦ ካላሸነፍን ይህችን ሰዓት ከእጄ ፈትተህ ውሰዳት።

[ግንቡ ሌላ ጣት አጠፈ።]

ግንቡ፦ ቆማለች እኮ።

ኮች፦ ብትቆምም ወርቅ ቅብ ናት። ያዝ እንጂ፤ ፈራህ?

ግንቡ፦ እኔ አልወራረድም ኮች። ትቼዋለሁ።

ኮች፦ ለዚህ ነው ግንቡ የምትባለው። ጥፋትህን በጨርቅ ታሳብባለህ። እኔን እየኝ፤ ዕድሜ ልኬን ውርርድ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም።

ግንቡ፦ እውነትዎን ነው። ጨዋ ሰው ነዎት። ግን ማሊያው አንድ ሰው ቢያስወራርድስ?

ኮች፦ ማንን?

ግንቡ፦ እንዲሁ፣ አንድ ሰው። እንደርስዎ ዕድሜ ልኩን ተወራርዶ የማያውቅ።

[ኮች ከት ብሎ ሳቀ። የማሊያው ስፌት ብብቱ ላይ ተንጣጣ። እንዲህ ዓይነቱን ቂል ማስተማር ጽድቅ ነው ብሎ አሰበ።]

ኮች፦ እንደዚያ ያለ ሰው አሳየኝና እነዚህን ማሊያዎች በሙሉ ለባለቤቶቻቸው እመልሳለሁ። አሮጌዎቹን ከነጆንያቸው ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ። የአሰልጣኝነት ወንበሬን አስይዣለሁ።

[ግንቡ ሦስተኛውን ጣት አጠፈ። ከዚያ እጁን ኮች ዓይን ሥር አቀረበው።]

ግንቡ፦ ጨረሱ?

ኮች፦ ጨርሻለሁ።

ግንቡ፦ ይህቺ ጣት ፊሽካዎ ናት። ይህቺ ሰዓትዎ። ይህቺ ደግሞ ወንበርዎ። ማሊያውን ሳይለብሱ በፊት ምንም አላስያዙም ነበር።

[ኮች ጎንበስ ብሎ ደረቱን አየ። ከላይ ወደታች ለሚያየው ስሙ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ቢሆንም አነበበው።]

ኮች፦ ይሄ እኮ የአፍ ነው። ለጨዋታ ያልኩት።

ግንቡ፦ የኔም በአፍ ነው የጀመረው። ለጨዋታ።

[ኮች ግንቡ የተኛበትን አግዳሚ አየ፤ እዚያ ላይ ኮቱን ተንተርሶ ተኮራምቶ ያገኘው ጠዋት ትዝ አለውና አፈረ። ወደ ጥግ ሄዶ የአሮጌ ማሊያ ጆንያውን እየጎተተ አመጣ። አቧራው ሁለቱንም አስነጠሳቸው። ግንቡ የድሮ ማሊያውን መርጦ ለበሰ፤ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ ደረቱ ላይ ግን ከቡድኑ ስም በቀር ምንም የለም።]

ኮች፦ ዝናብ ከመጣስ?

ግንቡ፦ ፊት እያየን እናቀብላለን።

ኮች፦ እኔ ደግሞ ነገር የማይገባህ መስሎኝ።

ግንቡ፦ ነገርስ ይገባኛል፤ ቆይቶ ነው። ቶሎ የሚገባው ኳሱ ነው።

[ኮች ጆንያውን ትከሻው ላይ አንስቶ ወደ በሩ አመራ። በበሩ ስንጥቅ የግንቡ ሚስት ትታያለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ባሏ ምን ለብሶ እንደሚወጣ ትጠብቃለች። ኮች አያትና ቆመ። ፊቱን ወደ በረኛው መለሰ፤ ድምፁ እንደሚምል ሰው ከበደ።]

ኮች፦ ግንቡ፣ አስተምረኸኛል። ከዛሬ ጀምሮ ውርርድ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም። ከወጣ ይህችን ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አንስተህ ውሰዳት።

[ግንቡ አራተኛውን ጣት አጠፈ። ኮፍያውን ግን አልነካም።]

ግንቡ፦ ኮች፣ መጀመሪያ ማሊያውን ያውልቁ።