ሰንበታ ጎሚስታ ድንጋይ አልቀድምም ያሉበት የስኳር ሰልፍ

ስኳር በካርድ መሸጥ በጀመረ በስድስተኛው ዓመት፣ ሳሙና ከናዝሬት በጠፋች በሦስተኛው ወር፣ በወርኃ ኅዳር በዕለተ ቅዳሜ፣ ነፋስን በጎማ ውስጥ የሚያስሩ፣ የተነፈሰውን የሚያስነሡ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ስማቸው ከሾፌር አፍ የማይጠፋ ሰንበታ ጎሚስታ፣ ዘንቢላቸውን በትከሻቸው ጥለው ወደ ቀበሌው ሱቅ ዘመቱ።

ምክንያተ ዘመቻውም ይህ ነው። አማታቸው ወይዘሮ አረጋሽ፣ ሻይ በአምስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጡ፣ ልጃቸው ዘርፉ ለጎሚስታ መዳሯ ገና ያልተዋጠላቸው፣ በዋዜማው ከሻሸመኔ መጥተው ነበርና አዋጅ አስነገሩ፦ «ስኳር እንኳ የሌለው ቤት ለልጄ ቤት አይሆናትም፤ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ይዣት እመለሳለሁ!»

ሰንበታም ሲደርሱ ሰልፉን እንደ ዘንዶ ተጋድሞ አገኙት። በዚያ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው በቦታው ድንጋይ ወይም ጣሳ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩም እንደ ባለቤቱ ይቆጠራል። የሰንበታም ሕግ፣ ማንም ያልጻፈላቸው፣ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ያወጁት፣ አንድ ብቻ ነበር፦ «የሌለ ሰው ተራ አልነካም!»

ወእምዝ ሱቁ ተከፈተ። ባለጣሳው ወደ ጣሳው፣ ባለድንጋዩ ወደ ድንጋዩ ሮጠ። ከሰንበታ ፊት ያለችው አንዲት ጥቁር ድንጋይ ግን ባለቤት አልመጣላትም። ሰልፉ ሲሄድ እሷ አልሄደችም፤ ሰንበታም ከኋላዋ ቆሙ።

በርበሬ ነጋዴዋ ዙለይካ ከኋላ አወጀች፦ «ኧረ ጋሼ፣ ድንጋይ ሻይ ይጠጣል እንዴ? ወይ ይለፉ ወይ ያሳልፉን!» ጡረተኛው ባሻ ወልደአማኑኤልም ከዘራቸውን አንሥተው፦ «ሰንበታ ሆይ፣ እግዜርን ባትፈራ አማትህን ፍራ!» ሰንበታም መልሰው አወጁ፦ «እናንተ እለፉ፤ እኔ የሰው ተራ በልቼ ለአማቴ ሻይ አላጣፍጥም!»

አለፉም። ዙለይካ ከነሁለት ዘንቢሏ፣ ባሻ ከነከዘራቸው፣ ጠላ ሻጯ ዘመናይ እየሳቀች፣ መምህር ሙሉብርሃን ጋዜጣ እያነበቡ፣ ሥጋ ሻጩ ኑሬ ማንንም ሳያይ፣ ሌሎችም፣ በድምሩ አርባ ሦስት ነፍስ። ሰማንያ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ የቆጠሩ ሰዎች በሕይወት ስላሉ ተውኩት።

ወሶበ ኮነ ስድስት ሰዓት፣ ባለሱቁ ሐዲስ ጆንያውን ገልብጦ አራግፎ አወጀ፦ «ስኳር አልቋል! ሲመጣ ይነገራል!»

በዚያች ቅጽበት የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌሩ ወዬሳ መኪናውን ከሱቁ ፊት አቁሞ፣ ዘሎ ወርዶ፣ ድንጋይቱን አንሥቶ ጎማው ሥር ወሸቃት፦ «አካም ጅርቱ ጎበዝ! ትናንትም ታኮ ያደረግኳት እሷን ነው። ማነው የጠበቀልኝ?» ሺህ ጎማ በድንጋይ ያስደገፉ ሰንበታ፣ የታኮ ድንጋይ እንደ ሰው አክብረው ግማሽ ቀን ቆሙ! ሰልፈኛው በሳቅ መሬት ወደቀ።

ሰንበታ ባዶ ዘንቢል ይዘው ቤት ሲገቡ ወሬው በዙለይካ አፍ ቀድሟቸው ነበር። ዘርፉ ሻንጣው አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። ወይዘሮ አረጋሽ አማቻቸውን ከእግር እስከ ራስ አይተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ለማያውቃት ድንጋይ ይህን ያህል የቆመ፣ ልጄን ጥሎ የትም አይሄድም። ጅል ነው፤ ግን የኛ ጅል ነው። አንቺ፣ ሻንጣውን መልሺና ሻዩን አምጪው!» ስኳር የሌለውንም ሻይ ፊታቸውን አጨማድደው እስከ አተላው ጨለጡ፤ ድገሚኝም አሉ።

እነሆ፣ በዚያች ቅዳሜ በናዝሬት ስኳር የቀመሰ ብዙ ነው፤ አማቱን መራራ ሻይ አጠጥቶ የተመረቀ ግን ከሰንበታ በቀር አልተሰማም። ጎማ በሚተነፍስበት አገር ሁሉ ስማቸው አይተንፍስ፤ አሜን።