ለእንግዳ የቀረበ መድኃኒት

[ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ድሬዳዋ፣ የሕፃናት ማስተኛ ክፍል። አልኮል የነካው ጥጥ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላል፤ ባቡሩ ሲያፏጭ የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። የጀልዴሳው ግመለኛ ሮብሌ፣ የሳንባ ምች የያዛት ልጁ ኡባህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በፈረንሳዮቹ ባቡር ወግ «ሙሴ» (አቶ) የሚባለው የትኬት ተቆጣጣሪ ወዳጁ ወልደማርያም ሊጠይቅ መጥቶ እሱው ያስነጥሳል።]

ወልደማርያም፦ በቃ አልኩህ! ልጅቷ ስቃለች። የሳቀ ሰው ፔኒሲሊን ምን ያደርግለታል?

ሮብሌ፦ ሲስተር ሽታዬ ግን «ብትስቅም ብትዘፍንም እስኪያልቅ ትጠጣ» ብላኛለች።

ወልደማርያም፦ እኔ እኮ ከጂቡቲ እስከዚህ ለስንት ሐኪም ትኬት የበሳሁ ሰው ነኝ!

ሮብሌ፦ ትኬቱን ስትበሳ ሕክምናውን ነገሩህ?

ወልደማርያም፦ ከፊታቸው ይነበባል፣ ወርያ! ይልቅ የተረፈውን ለእኔ። ጉንፋኑ ገደለኝ።

ሮብሌ፦ ፔኒሲሊን ጉንፋን አይነካም አለች እኮ።

ወልደማርያም፦ የማይነካው የለም! አውራ ዶሮዬ ድምፁ ሲዘጋ ጠብ አደረግሁለት፤ በማግስቱ ከባቡሩ ቀድሞ ጮኸ።

ሮብሌ፦ (ተገርሞ) አጂብ! አሁንስ ደህና ነው?

ወልደማርያም፦ ለፋሲካ በላነው።

ሮብሌ፦ ድኖ?

ወልደማርያም፦ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ!

[ሮብሌ ያስባል። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።]

ሮብሌ፦ አቦ ሙሴ፣ ግመል ከጉድጓድ ስናወጣ ጆሮዋ ብቅ ስላለ ገመዱን አንለቅም። ከለቀቅን ተመልሳ ትወድቃለች፤ ሁለተኛ ደግሞ ገመዱን ስታይ ትናከሳለች። ሽታዬም «በሽታው መድኃኒቱን እንዳይለምደው» ብላለች።

ወልደማርያም፦ ግመልና ሳንባ ምን አገናኛቸው? እስቲ ልጠይቅህ፤ በእናንተ ደንብ እንግዳ ቆሞ እያየ ባለቤቱ ብቻውን ይጠጣል?

ሮብሌ፦ (እንደ ተወጋ ሰው) ወላሂ ነውር ነው!

ወልደማርያም፦ እንግዲህ!

[ሮብሌ ጨነቀው። ከሲስተር ለምኖ ቢሰጥ ልጁ፣ ባይሰጥ ደንቡ ሊጎዳ ነው። ኡባህን አየ፣ እንግዳውን አየ፤ ድንገት ፊቱ ፈካ። ከጆንያው ትልቅ ቡናማ ጠርሙስ አወጣ።]

ሮብሌ፦ ለአንተ ይሄ አለ። ግን መጀመሪያ ልንገርህ...

ወልደማርያም፦ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? (ነጥቆ ያንደቀድቃል) አሃ! የፈረንሳይ ነው፤ በምሬቱ ለየሁት!

ሮብሌ፦ ሁሉንም ጨረስከው?

ወልደማርያም፦ እስኪያልቅ ይጠጣ አላለችም ሽታዬህ?

ሮብሌ፦ እሱማ የኡባህን ነው። የኡባህን ሲስተር ራሷ ቁምሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ በሰዓቱ እየመጣች ታጠጣታለች።

ወልደማርያም፦ (ቀስ ብሎ) ታዲያ... እኔ የጠጣሁት?

ሮብሌ፦ የግመሌን ነዋ። ሆዷ ሲደርቅ የሚያስለቅቃት። ለእሷ እንኳ አንድ ስኒ ነው የምሰጣት።

[የወልደማርያም ሆድ እንደ ባቡር አጉረመረመ። ኡባህ ከት ብላ ሳቀች።]

ሮብሌ፦ (ከልቡ አዝኖ) አይዞህ ሙሴ፣ ያልፋል። ብቻ አደራህን፣ እንዳታስነጥስ!

[ወልደማርያም አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ጨምድዶ፣ ኮፍያውን አልጋው ላይ እንደ ተወ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ወጣ።]