ሽጉጦች ሰው ያስመዘገቡ ዕለት

ታፈረ ያንን ሕልም ያየው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ነው። ለማንም አልተናገረውም። ሕልሙን ለመናገር መጀመሪያ ሌላ ነገር መናገር ነበረበትና።

ታፈረ የከተማው ወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የተጣላ ያስታርቃል፤ ሰው ቃሉን ይሰማል። ከአባቱ የወረሰው አንድ ሽጉጥም አለው። የዚያን ዕለት ጠዋት ወረዳው ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ፣ ሽጉጥ ያለው ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ የሚያዝ መመሪያ አስነብቦ ነበር። ቅጹ የሽጉጡን ቁጥር፣ የባለቤቱን ስምና የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ይጠይቃል። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንዲት አጭር ጥያቄ አለችበት፤ «መሣሪያው በሰው ላይ ጉዳት አድርሶ ያውቃል?» የምትል።

ታፈረ እጁን አውጥቶ ተነሣ።

«አባቴ ይህን ሽጉጥ ሲያወርሰኝ ማንም ምንም አልጠየቀውም» አለ። «ዛሬ ቁጥሩን ይጠይቁናል፤ ነገ ሽጉጡን ራሱን ይወስዱብናል። የገዛ ንብረቴን ስለያዝኩ መዝገብ ላይ እንደ ወንጀለኛ የምሰፍረው ለምንድን ነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሲስተር ጥሩዬ፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ ተነሣች።

«እኔ ደግሞ የማክመው ሰው በማን መሣሪያ እንደተመታ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። «ሞተር ብስክሌት እንኳ ሰሌዳ አለው። ሰሌዳ ስላወጣ ሞተሩን የተቀማ ሰው አላየሁም።»

ለእሷ ያጨበጨቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስብሰባው እንዳበቃ ምዝገባውን የሚቃወም አቤቱታ ተጻፈና ፊርማ እንዲያሰባስብ ታፈረ ተመረጠ። ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ምሳውን በላ፤ ተኛ።

በሕልሙ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ አየ። የተሰለፉት ሽጉጦች ነበሩ። እያንዳንዱ ሽጉጥ ወገቡ ላይ አንድ አንድ ሰው ሸጉጧል። ታፈረም በአባቱ ሽጉጥ ቀበቶ ውስጥ ተሸጉጦ እግሩ ተንጠልጥሏል። ከፊታቸው ከቆመች ትንሽ ሽጉጥ ወገብ ላይ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ተንጠልጥሎ ጋዜጣ ያነባል።

«ብዙ ቆያችሁ?» አለው ታፈረ።

«እኔ ዘይት ልቀባ ነው የመጣሁት» አለ አዛዡ ቀና ሳይል። «አንተ ግን ዝገሃል።»

ወዲያው ተራቸው ደረሰ። መዝጋቢው መነጽር ያደረገ አሮጌ ምንሽር ነው። ጠረጴዛው ጣሪያው ላይ ተገልብጦ ስለተሰካ ሁሉም አንጋጦ ነበር የሚያናግረው።

«የሰውየው ስም?»

«ታፈረ» አለ ሽጉጡ።

«ታፈረ ነው ወይስ አፈረ?»

«እንጃ። ስረከበው ታፈረ ነበር።»

«እንግዲያው ለጊዜው ክፍት እንተወው። ቁጥሩ?»

ሽጉጡ ታፈረን ዘቅዝቆ ጫማውን አወለቀና ተረከዙን አገላብጦ አየ። «ተፍቋል» አለ።

«ማን ፋቀው?»

«ራሱ ሳይሆን አይቀርም።»

ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው የታፈረን ባዶ ተረከዝ አዩ። አንዳንዶቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታፈረ እግሩን በእጁ ሊሸፍን ፈለገ፤ እጁ ግን አልደረሰለትም።

በዚህ መሐል የስብሰባ አዳራሹ በገዛ እግሩ እየተራመደ መጣና ሁሉንም ዋጣቸው። ውስጡ በሽጉጥና በጠመንጃ ተሞልቷል። መድረኩ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ሽጉጥ ቆሞ ይናገራል።

«ሰው የመያዝ መብታችንን ከአባቶቻችን ነው የወረስነው» አለ። «ዛሬ የሰዋችንን ቁጥር ይጠይቁናል፤ ነገ ሰውየውን ራሱን ይወስዱብናል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ታፈረ የሰማው የራሱን ቃል ነበር፤ የሽጉጡ ድምፅም የእሱው ድምፅ ነው። ጠዋት እንዲያ ያማረለት ንግግር አሁን ከዚያ ብረት አፍ ሲወጣ ፊቱ በእፍረት ጋለ።

አንዲት ምላጯ የላላ ሽጉጥ ከኋላ ወንበር ተነሣች። «እኔ የራሴን ሰው አስመዝግቤያለሁ» አለች። «ይኸው አብሮኝ አለ። ያልተመዘገበ ሰው ጉዳት ሲያደርስ ግን ማንን እንጠይቃለን?»

«ሠርግ አለ፤ ክርክሩ ይቆየን» አለ አንድ ድምፅ። ግድግዳው ተጠቀለለና ድንኳን ሆነ።

ሽጉጦቹ ሰዎቻቸውን ከወገባቸው እያወጡ ወደ ሰማይ መተኮስ ጀመሩ። ሰዎቹ እየጮኹ ይወነጨፋሉ፤ ደመናው ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። የታፈረም ተራ ደረሰ። ሽጉጡ አነጣጠረ። ሊተኩስ ሲል አንድ ጨፋሪ ክንዱን ገፋው፤ ታፈረ ወደ ላይ መሄዱ ቀርቶ በእንግዶቹ መሐል ዝቅ ብሎ ተወነጨፈ። ሳህን ተሸክማ የምታልፍ ሴት ከፊቱ አየ። መታጠፍ ፈለገ፤ አልቻለም። ጉልበቷ ውስጥ ገባ።

ይህኛው እንኳ ሕልም ብቻ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት በወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ ብዙ ወንዶች ሲተኩሱ ታፈረም የአባቱን ሽጉጥ አውጥቶ ተኮሰ። ክንዱን ሰው ገፋው። የሻረግ የምትባል ጎረቤቱ ጉልበቷን ተመታች፤ እስከ ዛሬም ታነክሳለች። ጥይቱ በስቶ ወጥቶ ስለነበር አልተገኘም። የማን ጥይት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «ከወንዝ ማዶ ነው የመጣው፤ ተኩሱን ሰምቻለሁ» ያለው ታፈረ ራሱ ነው። እሱ ያለውን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

በሕልሙ የሻረግ ጉልበቷን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ታፈረን አወጣችው። ባቄላ አክሎ ነበር። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው።

«ታፈረ ነህ እንዴ?» አለችው። በእውኑ አንቱ ነበር የምትለው።

«ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የባሩድ ጭስ ብቻ ነው። የሻረግ በመዳፏ እንደያዘችው እያነከሰች ወደ መዝጋቢው ሄደች።

«ይህ ሰው ጉልበቴ ውስጥ ተገኘ» አለች። «ባለቤቱ ማን ነው?»

ምንሽሩ ወደ ታፈረ አባት ሽጉጥ ዞረ። «ያንተ አይደለም?»

«የእኔ አይደለም» አለ ሽጉጡ። «ከወንዝ ማዶ ነው የመጣው።»

«የአንተ ነኝ» አለ ታፈረ። አሁን ድምፁ ወጣለት፤ ቀጭን ነበር። «ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን? ንገራቸው እንጂ።»

ሽጉጡ ፊቱን አዞረ። ምንሽሩ መዝገቡን ገለጠ። «ስሙ ክፍት ነው፤ ቁጥሩ ተፍቋል፤ ያስመዘገበው የለም» አለ። «የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?» አለች የሻረግ።

«ወደነበረበት መልሺው።»

የሻረግ አልተከራከረችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ቀሚሷን ከጉልበቷ ገለጥ አደረገች።

«ታፈረ፣ ተነሣ እንጂ። የሻረግ መጥታለች።»

ባለቤቱ ብርነሽ ነበረች። ታፈረ ላቡን በእጀታው ጠርጎ ወደ ሳሎን ወጣ። የሻረግ የታመመ እግሯን ዘርግታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልትነሣ የምትችለውን ያህል ተነሣችለት።

«ተኝተው ቀሰቀስኩዎት ጋሼ፤ ይቅርታ» አለች። «ፊርማ ያሰባስባሉ ብለውኝ ነው። ፊደል ባልቆጥርም እርስዎ ካሉበት ነገር መቅረት አልፈለግሁም። ሲስተር ጥሩዬ እንኳ፣ ‹አንቺ በዚህ እግርሽ እንዴት ተቃውሞ ትፈርሚያለሽ› ብላ ተቆጣችኝ። ያን ቀን በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ ማን ሆነና አልኳት።»

ብርነሽ የቀለሙን ሳጥን አቀረበችላት። የሻረግ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ አነሣችና ወረቀቱ እንዲዘረጋላት ጠበቀች። ታፈረ ዘረጋላት።

«የሻረግ» አላት።

«አቤት ጋሼ።»

ብርነሽም ቀና ብላ አየችው። የሻረግ ጣት አየር ላይ ነው፤ ቀለሙ መድረቅ ጀምሯል።

«የት ላይ ልጫን?» አለችው።

«እዚህ ጋ» አለ ታፈረ፤ ቦታውንም በጣቱ አሳያት።