አቶ መነሻና ሁለት መቶ ሜትሩ

ኮምፒዩተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ኮምፒዩተሩን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የውኃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ታድሎ የዚህ ወገን አውራ የሆኑትን ክቡር አቶ መነሻን አግኝቷል። እውነተኛ ስማቸው አይደለም። የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ቁጥር ባዩ ቁጥር "መነሻው ምንድን ነው?" ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። ሰዓት ስንት ነው ብትሏቸው እንኳ በማን ሰዓት እንደሆነ ሳያጣሩ አይመልሱም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ቧንቧ ልንቀብር ስንል፣ የድሮው የት እንዳለ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራሁ። ቁጥሮቹን ከአሮጌው የወረቀት ካርታ ወስጄ በዘመኑ ካርታ ላይ አሰፈርኳቸው። የድሮው መስመር ከቁፋሮው ቦታ ርቆ ታየ። ደረቴን ነፋሁ።

"ልጄ፣ የእነዚህ ቁጥሮች መነሻ ምንድን ነው?"

"ካርታው ነዋ፣ ጋሼ።"

"የካርታውስ?"

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የካርታውን ጥግ በጣታቸው ነኩ። በደቃቅ ፊደል ዳተሙ ተጽፏል። ዳተም ልኬቱ የሚነሳበት የምድር ቅርጽ ነው፤ አሮጌው ካርታ በአንዱ ይለካል፣ የዘመኑ ካርታና ስልኮቻችን በሌላው። ስለዚህ ያው አንድ ቁጥር ሁለት መቶ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን ያሳያል።

ቁፋሮው ቦታ ስንደርስ መቆፈሪያው ኤክስካቫተር ሞተሩን አስነስቶ ነበር። እሳቸው ፊት ለፊቱ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ።

"አባቴ፣ ይነሱልን እንጂ" አላቸው ሹፌሩ።

"ቁጥሩ ሲስተካከል እነሳለሁ።"

እዚያው መንገድ ዳር ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከአንዱ ዳተም ወደ ሌላው የሚቀይር ኮድ ጻፍኩ። እሳቸው እዚያው አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ አጥር ሥር ያለችውን የቅየሳ ድንጋይ አሳዩኝ። ቁጥሯ በሁለቱም ዳተም ደብተራቸው ላይ ሰፍሯል።

"ፕሮግራምህ ይህችን ድንጋይ ቦታዋ ላይ ካላስቀመጣት አልቀበለውም።"

አላስቀመጣትም። ጭራሽ አራት መቶ ሜትር አራቃት። ከዳተም ወደ ዳተም የሚያሻግሩትን ሦስት ማስተካከያ ቁጥሮች መደመር ሲገባኝ ቀንሻቸው ኖሯል። አልሳቁብኝም፤ የሚጠጣ ውኃ አቀበሉኝና "እንደገና" አሉ።

ሳርመው ድንጋይዋ ቦታዋ ገባች። ቧንቧው ደግሞ ልክ ከኤክስካቫተሩ ጥርስ ሥር ሆኖ ታየ። ቀስ ብለን በአካፋ አወጣነው። ማዋለጃ ክፍሉን ጨምሮ ጤና ጣቢያውን በሙሉ የሚያጠጣው ትልቁ መስመር ነበር።

ሹፌሩ ላቡን ጠርጎ ማን እንዳወቀው ሲጠይቅ፣ አቶ መነሻ ወደ እኔ ጠቆሙ። "የእሱ ፕሮግራም ነው" አሉ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ቁመቴ ጨምሮ አያውቅም።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ነው። ኃላፊያችን ለክፍላችን የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን እንድዘረዝር ስታዘኝ፣ ከአዲስ ኮምፒዩተር በላይ "የአቶ መነሻ አገልግሎት ይራዘምልን" ብዬ ጻፍኩ።

"እሳቸው ዕቃ ናቸው እንዴ?" አለችኝ።

"አይደሉም" አልኳት፣ "ግን አንደኛ ቁጥር ላይ ይቀመጡልኝ።"