ቫምፓየር አማች

ሴት ልጅ ሦስት መቶ ዓመት የሞላውን ሽማግሌ ያለ አንዳች ማንገራገር የምትወደው ቫምፓየር ከሆነ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት... ሥራ የለውም። ቀን ሙሉ ይተኛል፤ ያውም ሬሳ ሣጥን ውስጥ። (የሰሚትን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው ይሄኛው ብዙም አይገርምም።) ምግብ ላይም አያስቸግርም፤ የሚበላው አንቺኑ ነው። እንዲህም ሆኖ መጽሐፍ የሚጻፍለት እሱ፣ ፊልም የሚሠራለት እሱ፣ ትራስ ታቅፈው የሚያለቅሱለት ለእሱ። እኔ ደሞዝ አለኝ፣ አልናከስም፣ በጊዜ ቤቴ እገባለሁ። እስከ ዛሬ ትራስ ያቀፈልኝ ሰው የለም።

የዚህ ነገር ምስጢር የገባኝ በቅርቡ ነው፤ ታላቅ እህቴ ቤት።

እትዬ አልማዝ ባሏ ካረፈ ወዲህ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጇ ከቤዛ ጋር ነው የምትኖረው። ቤዛ ሥራ ስትውል ጓደኛዋ ቴሌቪዥን ነው። በአማርኛ የተተረጎሙ ተከታታይ ፊልሞችን አንድ በአንድ ጨርሳ አሁን ቫምፓየር ላይ ደርሳለች። ፊልሙ ሲጀምር ብትደውሉላት አታነሣም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማስታወቂያ እስኪመጣ የምትጠብቅ ይመስለኛል። "ምስኪን፣ ዛሬም ጦሙን አደረ" እያለች እንባዋን ትጠርጋለች። ስታስቀድስ ለእሱም ትጸልይለት እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረችብኝ።

በዚህ መሀል ቤዛ ናሆም የሚባል ልጅ ወደደች። ናሆም ቦሌ ካለ አንድ ቢሮ ሌሊት ሌሊት ለውጭ አገር ሰዎች ስልክ ይመልሳል። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ቀይ፣ ረጅም፣ ቀጭን ነው። እንቅልፍ ስለማይጠግብ ዓይኑ ይቀላል፤ ስለዚህ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ጨጓራ ስላለበት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አይነካም... ገባችሁ አይደል? እትዬ አልማዝም ገባት።

"ያ ልጅ ሰው አይደለም" አለችኝ ደውላ።

"ምን አደረገ?"

"ባለፈው መጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ግባ እስክለው ደጅ ቆመ።"

"ጨዋ ነዋ!"

"እነሱም እንደዛው ናቸው። ካልተባሉ አይገቡም።"

"እና ግባ አልሽው?"

"ያኔ አላወቅኩም ነበር። አሁን ቤቱን ጠበል አስረጭቼዋለሁ፣ የድሮው ግብዣ ተሽሯል።"

"እትዬ፣ አንቺ ለቴሌቪዥኑ ቫምፓየር ታለቅሺለት የለም እንዴ?"

"የቴሌቪዥኑ የሚወስደው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ይሄ የኔን ነው የሚወስድብኝ።"

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ቤዛ ካገባች እህቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥኗ ጋር ብቻዋን መቅረቷ ነው። እንግዲህ ይሄን ለሰው ከመናገር ቫምፓየር መጣብኝ ማለት ይቀላል።

ያም ሆነ ይህ ናሆም ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። አባት ስለሌለ በአባት ቦታ ሆኜ የምቀበለው እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱፌን ለብሼ ስደርስ፣ በሩ ላይ ቫምፓየር ይሸሸዋል የተባለ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ተንጠልጥሏል። ቤዛ ጓዳ ሆና ጥፍሯን ትበላለች።

"ስማ" አለች እትዬ አልማዝ። "ሲመጡ 'ግቡ' እንዳትል።"

"ሽማግሌ መጥቶ ግቡ ሳልል?"

"በመኪናው የሚያመጣቸው እሱ ነው። አንዴ 'ግቡ' ካልክ ለሁሉም ነው፣ ተከትሎ ይገባል። ያቺ የፊልሙ ሞኝ ሐሙስ ዕለት እንደዛ ብላ ነው የተበላችው።"

"ታዲያ ሽማግሌዎቹ እንዴት ይግቡ?"

"ራሳቸው ይግቡ።"

ሳይባል የሚገባ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ነጠላ የለበሱ አዛውንቶች አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው እያለከለኩ ቆመዋል። የእህቴ ሕንፃ ሊፍት ከተመረቀ ጀምሮ ለጌጥ ነው። እጅ ነሣሁ። ጤናቸውን ጠየቅኩ፣ የልጆቻቸውን ጤና ጠየቅኩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጠየቅኩ። ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። የጉርድ ሾላን መንገድ መጨናነቅ በሰፊው አየነው። ሰላምታ አለቀብኝ።

"ቤት ለእንቦሳ!" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ አቶ ባዩ፣ ወደ ውስጥ አንገታቸውን እያሰገጉ።

"እንቦሳ እሰሩ" ማለት ግብዣ ነው ወይስ ምርቃት? ዞር ብዬ እትዬ አልማዝን አየኋት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ለሽማግሌዎቹ ፈገግ አልኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ፈገግታ ፈገግ ብዬ አላውቅም።

የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩና አቶ ባዩ በአድናቆት ራሳቸውን ወዘወዙ። "አያችሁ? ይሄ ወግ የሚያውቅ ቤት ነው። የዛሬ ሰው ገና በሩን ሳታንኳኳ ልጁን ይሰጥሃል። በእኛ ጊዜ ሽማግሌ ደጅ ይጠና ነበር።"

"ሴት ልጅ የምትከበርበት ቤት ነው" አሉ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ግን ጉልበታቸው እየከዳቸው ነበር። ወደ ጎን ዘመም ሲሉ ናሆም ከደረጃው መታጠፊያ ተወርውሮ መጣና ደገፋቸው። በወጉ ሙሽራው አብሮ አይመጣም፤ እሱም ታች መኪና ውስጥ ሊጠብቅ ነበር የታሰበው፤ ደረጃው ይከብዳቸዋል ብሎ ሳይከተላቸው አልቀረም። ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ደፉ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ እግሩን እንኳ አላሳለፈም። እትዬ አልማዝ ከውስጥ "አየህልኝ?" በሚል ዓይን አየችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቫምፓየር መስታወት ውስጥ አይታይም ስለሚባል እኔም ሳላስበው በኮሪደሩ መስታወት ውስጥ ፈለግኩት። አለ። ይመስገን።

ይህን ጊዜ የጎረቤት በር ተከፈተ። ወይዘሮ ሙሉ ናቸው። ወይዘሮ ሙሉ ያላገቡ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ጆሯቸውም ደጅ የሚያድር ነው።

"ውይ አባቶቼ! ሽማግሌ በር ላይ ይቆማል እንዴ? ኑ እኔ ጋ አረፍ በሉ። ሳምሪ፣ ውሃ አምጪ!"

ሳምሪ ውሃውን ይዛ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከእናቷ ኋላ ቆማ ነበር። መቼ ተዘጋጀች አትበሉኝ። ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌ ወደዚያ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ናሆምም ደግፏቸው አብሮ መራመድ ግድ ሆነበት።

እትዬ አልማዝ እኔን ገፍትራኝ በሩ ላይ ደረሰች። "ግቡ! ሁላችሁም ግቡ! አንተስ ምን ይገትርሃል፣ ግባ እንጂ!"

ናሆም ገባ። ደም ቢመጥ ባይመጥ፣ ለወይዘሮ ሙሉ ልጅ የሚተው አማች የለም።

ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። እኔ በአባት ቦታ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ ሳደርግ እህቴ ቀደመችኝ።

"መጀመሪያ ይብላ።"

"መልስ ሳናገኝ እህል አንቀምስም" አሉ አቶ ባዩ።

"እናንተ አትብሉ። እሱ ይብላ።"

ነጭ ሽንኩርቱ ከሥጋው የሚበልጥ ጥብስ አመጣች። ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ናሆም አፍ ዘረጋች። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ጨጓራ አለብኝ ቢል ማን ይሰማዋል? መነጽሩን አወለቀና ጎረሰ። ቤዛ ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ልጁ ፊቱ ቀላ፣ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ... ግን ዋጠው።

"ምን ተሰማህ?" አለች እህቴ ዓይን ዓይኑን እያየች።

"ይጣፍጣል፣ እማዬ" አለ በሰለለ ድምፅ።

እማዬ ሲላት ይሄ የመጀመሪያው ነው። እትዬ አልማዝ እጇ ባዶውን አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ እንባውን ጠረገችለትና ወደ እኔ ዞራ "ሰው ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደግሞ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

"ሰጥቻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ብቻ ቤቴን እንዳይረሳው።"

አቶ ባዩ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። "ምን ቆርጦት! በየቀኑ ይመጣል!"

ሽማግሌ እንዲህ ሲል ለምርቃት ያህል ነው። እህቴ ግን ቃል ነው ብላ ያዘችው። ናሆም ቀን ሥራ የለው! ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ መተኛት ባለበት ሰዓት፣ ሶፋው ላይ ከጎኗ ተቀምጦ ቫምፓየር ያያል። ያመለጠውን ትተርክለታለች፣ ታጎርሰዋለች፣ አብረው ያለቅሳሉ። እህቴ ጉንጯ ሞላ፣ ፊቷ ወዛ። እሱ ከሳ፣ ገረጣ፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ማን ማንን እየመጠጠ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ቫምፓየርን ዓለም የሚወደው ለጥርሱ እንዳይመስላችሁ። ሳይጠሩት አይመጣም፣ ሳይሉት አይገባም፣ ራበኝ አይልም። ቁርጥ በደንብ ያደገ የሰው ልጅ! እንዲህ ያለው ጨዋ ግን ሰሚት ከገባ አለቀለት።

ባለፈው እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ናሆም ጫማውን አድርጎ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በተከፈተው በር ውስጠኛ በኩል ቆሟል።

"ምነው ቆምክ?" አልኩት።

"ሂድ እስኪሉኝ ነው፣ ጋሼ።"

ከሳሎን የእትዬ አልማዝ ድምፅ መጣ። "ናሆም! ማስታወቂያው አልቋል፣ ና! አንተም ስትገባ በሩን ዝጋው።"

ናሆም በእነዚያ በቀሉት ዓይኖቹ አየኝ። ታላቄ ናት፤ ዘጋሁት።